የዘጠኝ ዓመት ልጅ የጠለፈችው የሞት ግጥም፦ ልጠበው ወይስ ልተወው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው እንግሊዝ አገር ዮርክሸር ነው። ከአንድ ቻሪቲ ሾፕ በርካሽ ያገኘሁት አሮጌ የጥልፍ ጨርቅ አለኝ፤ እዚህ ሳምፕለር ይሉታል። ድሮ ሴት ልጆች መርፌ የሚለማመዱበት፣ ፊደልና ቁጥር፣ ግጥምና አበባ የሚጠልፉበት ጨርቅ ነው። የኔው ከላይ ፊደል አለው፣ ከሥሩ ቁጥሮች፣ መሐሉ ላይ አራት መስመር መንፈሳዊ ግጥም፣ ታች ደግሞ ከማሰሮ የወጣ ጽጌረዳና ካርኔሽን፣ ከግራና ከቀኙ አንድ አንድ ወፍ። ዙሪያውን የእንጆሪ ሐረግ ይዞረዋል። የልጅቱ ስም፣ ዕድሜዋ (ዘጠኝ) እና ዓመቱ ተጠልፏል። ዓመቱ ግን 183 ካለ በኋላ የመጨረሻዋ አኃዝ ተፈታ ወጥታለች።

ጨርቁ ገርጥቷል፤ ታች ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ አለ። የግጥሙ ሦስተኛ መስመር ላይ ክሩ ጭራሽ የለም። መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ብቻ ስለቀረ ወደ መስኮት ይዤው ነው ያነበብኩት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ባጥበው ምን ይሆናል? ሌላው፣ ግጥሙ ዕድሜ እንደ አበባ ጠዋት ፈክቶ ማታ እንደሚረግፍ ይናገርና ልጆች ሞታቸውን ቀድመው እንዲያስቡ ይመክራል። ዘጠኝ ዓመት ለሆናት ልጅ ይህን ጥለፊ ብሎ የሚሰጥ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው? ለኔ ከትምህርት ይልቅ ቅጣት ይመስላል።

(በኋላ የተጨመረ፦ ውይይቱ ስለረዘመና አወያዮች አንዳንዱን መልስ ስላነሡት፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ የተባለውን በየተራ ቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1
የመጀመሪያዋ መላሽ ከአትላንታ ናት። እናቷ ነጠላ የሚያጥቡበትን መንገድ ሳትሰስት ዘረዘረችልኝ፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ኦሞ፣ እድፉ ላይ ሎሚ፣ ከዚያ ፀሐይ። እጄ ይባረክ ዘንድም መርቃኛለች።

2
ኤዲንብራ ውስጥ ሙዚየም ጥበቃ ላይ የሚሠራ ወንድም ተሯሩጦ ገባና ውሃ የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ አለ። ጨርቁ ሱፍ ከሆነ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ የተጠለፈበት ሐር ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ሲደርቅ ተጨማዶ ይቀራል። ቀዩ ክር ደግሞ ቀለም ይለቅና ዙሪያውን ይበክላል። ሎሚና ፀሐይ ለነጠላ ይሁኑ፣ ሐርን ይፈጁታል። እሱ በሚሠራበት ቤት እንዲህ ያለ ጨርቅ የሚታይበት ክፍል ጨለም ያለው ለዚህ ነው፤ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ እንዳያልፍ ይለካል፣ ምክንያቱም ብርሃን የበላው ቀለም አይመለስም።

በፍታ ይሁን ሱፍ ለመለየት የብል ቀዳዳ ፈልጊ ብሎኝ ነበር። ብል የሚወደው ሱፍ ነው፤ ከተልባ እግር የተሠራውን እምብዛም አይነካም። ፈለግሁ፣ በቀኙ ጠርዝ በኩል አገኘሁ። ያን ጊዜ ስስ የሱፍ ጨርቅ ለዚህ ሥራ እንግሊዝ ውስጥ የተለመደ ነበር። ከጀርባ ያለውን ሳንቃም በባለሙያ አስነሺው ብሏል፤ እንጨቱ ዓመት በዓመት አሲድ እየለቀቀ ጨርቁን የሚያጠቁረው እሱ ነውና።

3
የአትላንታዋ ተመልሳ ቅር እንዳላት ጻፈች። እሷ የምታውቀውን ነው ያካፈለችው። ቁጥር 2ም ይቅርታ ጠየቀ፣ በዚህ አለፈ። እስካሁን ጨዋታው በጨዋ ደንብ ነው።

4
ድሮ አገር ቤት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የሠሩ አባት የጠፋውን ሦስተኛ መስመር ምሥጢር ፈቱልኝ። ብል እንዳልበላው ወዲያው ነው ያወቁት፤ ብል ፊደል መርጦ አይበላም ብለው ቀልደዋል። ጥቁርና ጠቆር ያለ ቡናማ ለማውጣት ቀለም ነካሪዎቹ ከዕፅዋት የሚገኘውን ታኒን ከብረት ጨው ጋር ይቀላቅሉ ነበር፤ ብረቱ ክሩ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል፣ ክሩ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ሌላው ቀለም ደኅና ሆኖ ጥቁሩ ብቻ የጠፋባቸው ጥልፎች የሚበዙት ለዚህ ነው። የአውሮፓ የቆዩ ጽሑፎች ላይም በብረት የተሠራው ቀለም ወረቀቱን ሲበሳው ይታያል። የኛ አባቶች ለብራና የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም ግን ዋናው ጥላሸት ስለሆነ ቆዳውን አይበላም። ይህን ሲጽፉ ደስ እያላቸው እንደነበር ከአጻጻፋቸው ይታወቃል፤ ይገባቸዋልም።

5 እና 6
አንዱ የሞተ ሰው ጨርቅ ቤት ማስገባት ጥሩ አይደለም፣ ጣዪው ብሎ በአንድ መስመር ወጣ። ቀጥሎ የገባው ደግሞ ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ ነገ የሞተ ሰው ዕቃ እንደሚሆን አስታወሰው። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን አወያዩ አንሥቶታል።

7
የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ጥያቄዬ አስገርሞታል። እነሱ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ሲሻገሩ ዕድሜያቸው ከዚህች ልጅ አይበልጥም ነበር፤ ግእዙም ገና አልገባቸውም። የግጥሙ አበባም ከዚያው ከዳዊት የመጣ ነው ይላል፤ የሰው ዘመን እንደ ሣርና እንደ ዱር አበባ መሆኑን የሚናገረውን መዝሙር 102 ጠቀሰ። ልጅ ስለ ሞት አይስማ የሚለው የዚህ ዘመን ሰው ብቻ ነው፣ የድሮ ልጅ የታናሽ ወንድሙን ቀብር በዓይኑ ያየ ነበር አለ። መልሱ ትንሽ ገሥጾኛል፤ ነገሩ ግን ክብደት አለው።

8
መዝሙሩ 103 እንጂ 102 አይደለም የሚል እርማት። ከዚያ 7 ተመልሶ፣ በኛ ዳዊት 102 ነው፣ አንተ የያዝከው የዕብራይስጡን አቆጣጠር የተከተለውን ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እስኪግባቡ ግን አንድ ገጽ ሞልቷል።

ይሁንና 8 አንድ ቁም ነገር አምጥቷል። ልጆቹ ግጥሙን ራሳቸው አይገጥሙትም ነበር። አይዛክ ዋትስ የተባለው የመዝሙር ደራሲ በ1715 ለልጆች ያሳተመው የመንፈሳዊ ግጥም መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ሲሸመደድ ኖሯል፤ በጥልፍ ላይ የሚገኘው ብዙው ስንኝ ከሱና ከመሰሎቹ ተቀድቷል። አንዳንዴም ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀጥታ ይወሰዳል። በኋላ ስመ ጥር ደራሲያን የሆኑት የብሮንቴ እኅትማማቾች በ1829 እና በ1830 የጨረሷቸው ጥልፎች ሃዎርዝ በሚገኘው የድሮ ቤታቸው፣ በዛሬው ሙዚየም፣ አሉ። ጥቅሶቹ ከመጽሐፈ ምሳሌ ናቸው፤ አበባ የለ፣ ወፍ የለ፣ ክሩም ጠቆር ያለ ነው። ሃዎርዝ ከኔ ሩቅ ስላልሆነ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የኔዋ ልጅ ከእነሱ ጋር ስትነጻጸር ቀለም ሞልቶ ተርፏታል።

9
ዱባይ ውስጥ በሆቴል እጥበት ክፍል የምትሠራ እህት ግጥሙንና አበባውን ትታ ፊደሉና ቁጥሩ ላይ አተኮረች። እነሱ ጋ እያንዳንዱ አንሶላ መለያ አለው፤ የትኛው ስንት ጊዜ እንደታጠበ፣ የትኛው ፎቅ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ድሮም ሀብታም ቤት አንሶላው፣ ፎጣው፣ የገበታ ልብሱ በደርዘን እየተቆጠረ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልና ተራ ቁጥር ይጠለፍበት ነበርና፣ በጥቃቅን መስቀለኛ ስፌት ፊደል መጻፍ የምትችል ልጅ ሥራ ታገኛለች። የጥልፉ ጨርቅ የሥራ ማስረጃዋ ነው ማለቷ ነው። ከመጣው መልስ ሁሉ ዓይኔን የገለጠው ይህ ነው፤ እኔ ግጥሙ ላይ ብቻ ነበር የተከራከርኩት።

10
ብሪስቶል የምትኖር ሴት 9ን ደግፋ መረጃ ጨመረች። እዚያ አሽሊ ዳውን የሚባለው ሠፈር ጆርጅ ሙለር ያቋቋመው ትልቅ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበር። ሴት ልጆቹ ለቤት ሠራተኝነት ነው የሚሠለጥኑት፤ የጠለፏቸው ጨርቆች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይታወቃሉ። በነጭ ላይ ባብዛኛው ቀይ ክር ብቻ፣ ፊደሉ በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሮ፣ ሰናፍጭ የምታክል ቦታ እንኳ ሳትባክን። ታዲያ የኔው በሐር የተሠራ ባለ ብዙ ቀለም አበባ ስላለው ልጅቱ የደኅና ቤተሰብ ልጅ መሆን አለባት ብላ ደመደመች። ይህ ድምዳሜ ኋላ ጠብ አስነሥቷል።

11
አዲስ አበባ ጥልፍ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ እትዬ ገቡ። ፎቶውን አጉልተው ስላዩት እኔ ብዙ ጊዜ ተመልክቼው ያላየሁትን አዩ። የግጥሙ ሁለተኛ መስመር መጨረሻ ላይ ልጅቱ ቦታ አልቆባት የመጨረሻዎቹን ፊደላት ጠባብ አድርጋ አጭቃቸዋለች፤ አንዷን ጭራሽ ከመስመሩ በላይ ሰቅላታለች። የእንጆሪው ሐረግ ሦስቱ ጥግ ላይ አምሮ ይታጠፍና በአራተኛው፣ በግራው ታች፣ ሁለቱ ጫፎች ይተላለፋሉ። የቀኙ ወፍ እግሩ አንድ ነው።

እትዬ እንደሚሉት ጨርቁ ላይ ሥዕል ተነድፎ አልተሰጣትም። የጨርቁን ድርና ማግ እየቆጠረች ነው የጠለፈችው፤ በአንድ ክር የተሳሳተ ቆጠራ ዞሮ መጥቶ ማዕዘኑ ላይ ይጋለጣል። አስተማሪዋም አይታ አላስፈታቻትም፤ ወይ አዝናላታለች፣ ወይ ሐሩ ተወዶባታል። በርሳቸው ክፍል ቢሆን ያስፈቷት እንደነበር ሳይደብቁ ተናግረዋል።

ከዚህ መልስ በኋላ ጨርቁን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ስንኙ ከመጽሐፍ፣ አበባው ከአስተማሪዋ ናሙና፣ ፊደሉ የሁሉም ነው። የሷ የራሷ የሆነው ነገር የሳተችው ቆጠራ ብቻ ነው። ያቺ ከመስመር በላይ የተሰቀለች ፊደል ግጥሙ ሁሉ ያልነገረኝን ነግራኛለች።

12 እና 13
ስንት ያወጣል? ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም ነበር። 12 በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ አንድ የአሜሪካ ልጃገረድ የ1807 ጥልፍ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን ጽፎ ሥራዬን እንድለቅ መከረኝ። 13 ደግሞ ሰው ሎተሪ በደረሰው ሰው ተመክሮ ሥራ አይለቅም አለው። ብል የነካው፣ ዓመቱ የጎደለ፣ እድፍ ያለበት የዮርክሸር ጥልፍ ከዚያ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አይጠራም፣ አሜሪካ ውስጥ የሚፈለጉት ቤትና ሰው፣ ዛፍና ሜዳ ያለባቸው፣ የተሠሩበት ትምህርት ቤትም የታወቀላቸው ናቸው። ቃሉ ሻከር ያለ ነው፤ ሐሳቡን ግን እቀበለዋለሁ።

14 እና 15
14 ይህ ሁሉ በኛ አገር ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፣ እናቶቻችን ቀሚሳቸው ላይ ሲጠልፉት ኖረዋል የሚል ረጅም ጽሑፍ አመጣ። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤተሰብ የተወለደው 15 አላስጨረሰውም። ጥበብ አይጠለፍም፤ ሸማኔው ሸማውን ሲሠራ እዚያው በእጅ ሽመናው ላይ ክሩን እያስገባ የሚያወጣው ነው። ጥልፍ ደግሞ ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚሸምነው ባብዛኛው ወንድ ነው፣ የሴቷ ድርሻ ጥጥ መፍተሉ ነው፤ የአባቴን ሥራ ለእናቶች አትስጥብኝ አለ። ኮስተር ብሎ ነው የጻፈው። 14 ግን እንግዳ ሰው አይደለም መሰል፣ ስቆ አለፈው።

16፣ 17፣ 18
መቅደላ ደረስን። በዚህ ቤት የትኛውም ወሬ እንግሊዝ አገር ያለ ሙዚየምን ከነካ መቅደላ ሳይደርስ አያድርም። 16 ሌቦቹ የኛን ጥልፍ ይዘው የራሳቸውን ያስከብራሉ ብሎ ፎከረ። 17 ከርዕሱ አትውጡ አለና ተሰደበ።

ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰው 18 ነው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የሚባል የጥጥ ቀሚስ አለ፤ በሐር የተጠለፈ ነው። ሙዚየሙ የተረከበው በ1869 ሲሆን ሰጪው የእንግሊዝ የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። እቴጌይቱ ከመቅደላ ወጥተው በመንገድ ሳሉ ትግራይ ውስጥ ዐረፉ፤ ልጃቸው ዓለማየሁ በ1879 እንግሊዝ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ቀሚሱን በ2018 በመቅደላው ኤግዚቢሽን ያየው 18 የአንገቱንና የደረቱን ጥልፍ ንጥር ውበት ሲገልጽ 16 እንኳ ዝም አለ። ስለ ጥልፍ በሚወራበት ክፍል ስለዚያ ቀሚስ ቢነሣ ከርዕስ መውጣት ነው ብዬ አላምንም፤ የስድቡ ነገር ግን ሌላ ነው።

19
ስለ ቅጣት ላነሣሁት ነገር ከሁሉ የከበደ መልስ ይህ ነው። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በ1807 ከከለከለች በኋላ ከባሪያ መርከቦች ላይ የተያዙ አፍሪካውያንን ሴራሊዮን ታወርዳቸው ነበር። በፍሪታውን ዙሪያ በነበሩት መንደሮች ሚስዮናውያን በከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ሴት ልጆቹ ይህንኑ የእንግሊዝ ጥልፍ ይማራሉ፦ ፊደል፣ ጥቅስ፣ የአበባ ጠርዝ። በ1830ዎቹ የጠለፏቸው ጨርቆች ዛሬም አሉ። ወደ እንግሊዝ ይላኩ የነበረው ለለጋሾች ሥራው ፍሬ ማፍራቱን ለማሳየት ነው። በዓመት አምስት ፓውንድ የሚሰጥ ሰው ለአንድ ልጅ ስም የማውጣት መብት ነበረው፤ ስለዚህ ጥልፉ ላይ የምናነበው ስም የከፋዩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ልጅቱ እናቷ ያወጣችላትን ስም የት ትጥለፈው?

20
ይህን ተከትሎ አንዲት መላሽ የኤልሳቤጥ ፓርከርን ጨርቅ አነሣች። እሱም ያለው እዚያው ቪክቶሪያና አልበርት ነው። በ1813 በእንግሊዝ ደቡብ፣ ሰሴክስ ተወለደች፤ ገና በ13 ዓመቷ ሰው ቤት ተቀጠረች። በ1830 ገደማ በቀይ ሐር፣ አበባም ጠርዝም ሳታክል፣ አርባ ስድስት መስመር የራሷን ታሪክ ጠለፈች፦ መጻፍ እንደማትችል፣ አሠሪዋ ምን እንዳደረሰባት፣ ነፍሷ እንዴት እንደተጨነቀች። ጽሑፉ መሐል ላይ ተቋርጦ ነው የቀረው። እሷ ግን ተርፋ አስተማሪ ሆነች፣ እስከ 1889 ኖረች። መላሿ ይህን ያመጣችው እኔን ለመቃወም ነው፦ መርፌ ለልጃገረዶች ልጓም ብቻ አልነበረም ለማለት። ለኔ ግን ፓርከር በሺህ ከሚቆጠሩት አንዷ በመሆኗ ነው የምትደንቀው። ሌሎቹ የታዘዙትን ጠልፈዋል። በዚህ አልተስማማንም፣ በሰላም ተለያየን።

21
ስለ ብሉ የተሰጠ ምክር። በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታሽጎ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ለሦስት ቀን፣ የቤት ፍሪዘር ከሆነ በ18 ለሁለት ሳምንት ቢቆይ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። መስታወትና ፍሬሙ ቀድሞ ይወልቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሐበሻ ፍሪዘር ውስጥ በርበሬና ሽሮ ሳይወጣ እንዲህ ያለ ነገር ይገባል ወይ በሚል የተሳሳቅነውን አልዘረዝርም።

22
የጎደለችዋ የዓመት አኃዝ። ብዙ ሴቶች ካደጉ በኋላ ዕድሜያቸው እንዳይቆጠር ከግድግዳው ጥልፍ ላይ ዓመቱን ይፈቱት እንደነበር የታወቀ ነው ብላ አንዷ ጻፈች። ከ4 ጋር አይጋጭም፤ የዓመቱ ክር ሰማያዊ ነው፣ በብረት የሚረግፈው ጥቁሩ ነው፣ ጫፉም በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ወንዶቹ በዚህ ላይ ያወሩት ብዙ ነው፤ ሴቶቹ መልሰውላቸዋል።

23
እንግሊዝ አገር በቤተ መዛግብት የሚሠራ ወንድም መንገድ ጠቆመኝ። የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ስለሆነ ለልጅቱ አይደርስላትም። የአጥቢያ የጥምቀት መዝገብ ግን ከ1813 ወዲህ በታተመ ቅጽ የሚሞላ ሆኖ የአባትን ሥራ ይመዘግባል፤ የ1841ዱ ቆጠራም የቤተሰቡን ሰው ሁሉ በስም ይዟል። በ1820ዎቹ በአካባቢው የተጠመቁ፣ ስማቸው ከጥልፉ ጋር አንድ የሆነ ሁለት ልጆች አገኘሁ። የአንዷ አባት ሸማኔ፣ የሌላዋ እህል ነጋዴ ነው።

24 እና ከዚያ በኋላ
እዚህ ላይ ነው 10 እና 15 የተያያዙት። 10 ሐርና የአስተማሪ ክፍያ ከሸማኔ ቤት አይወጣም፣ ልጅቱ የነጋዴው ናት አለች። 15 ሸማኔ ልጁን ለማስተማር ሲል ራት ሳይበላ የሚያድር ሰው መሆኑን ከራሱ ቤት ያውቃል፤ ደግሞ የሱፍ ጨርቁን ከደጁ ያገኘዋል፣ ሐሩም የአንዲት ልጅ ጥልፍ የሚፈጀው ጥቂት ነው። 10 ስሜት እንጂ ማስረጃ አይደለም ስትለው፣ ለማኝ አድርጋችሁ ያያችሁን እናንተ ናችሁ ብሎ ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደው። 7 ሊገላግል ገብቶ እሱም ተጎሸመ። 11 እትዬ ብቻ ናቸው ሁለቱንም ያስቆሙት፤ የተሳሳተ ቆጠራ ከነጋዴም ከሸማኔም ልጅ እጅ ይወጣል ብለው።

እኔ የማደላው ለሸማኔው ነው። ማስረጃዬም ያን ያህል አይደለም፤ በ1841ዱ ቆጠራ የነጋዴው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር የለችም፣ የሸማኔው ልጅ ግን በሌላ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ተመዝግባለች። 10 ይህን ካየች በኋላ እስካሁን አልመለሰችም። ሳንቃው የሚነሣበትን ቀን ባለሙያው ለሚቀጥለው ወር ቀጥሮኛል፤ የጀርባውን ፎቶ እዚሁ እለጥፋለሁ። አወያዩ ውይይቱን ከዕደ ጥበብ ወደ ታሪክ ክፍል ስላዛወረው እዚያ ፈልጉት።